የንጉሡ ሐኪም እና የአብዱሬ ጫት

ሐጂ ዩሱፍ ጫቱን ጥሎ ተነሣ። ጭሮ ላይ ሰው በበርጫ መሐል ጫቱን ጥሎ ከተነሣ፣ ወይ ቤቱ እየተቃጠለ ነው፣ ወይ ተሰድቧል። የሐጂ ቤት ከኔ በረንዳ ላይ ይታያል። ቀና ብዬ አየሁ፤ ጭስ የለም።

ጫማውን እያጠለቀ፣ “አባ ሙሜ፣ ለጋበዝከኝ አላህ ይስጥልኝ” አለኝ። ያስፈራኝ ይሄ ነው። ሐጂ ሲናደድ ይጮኻል። በጣም ሲናደድ ግን ያመሰግናል።

ወጣ። ተከራዬ ሰዒድ በጣቱ ምንጣፉ ላይ መስመር እያሠመረ ነው። ቀና ሲል የሐጂ ቦታ ባዶ ነው። “አባባ፣ ሐጂ የት ሄዱ? ገና እኮ ግማሹን ነው የነገርኳቸው” አለኝ።

ሌላው ግማሽ ቢጨመር ምን ሊሆን ነበር?

ሰዒድ የደሴ ልጅ ነው። እዚህ ኢኮኖሚክስ ያስተምራል፤ ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ክፍል ተከራይቷል። አይቅምም፣ አያመሽም፣ በር አያላጋም። አንድ ችግር አለበት፦ ሲጠይቁት ይመልሳል። እኔ ደግሞ ሲጠይቁኝም አልመልስም። ባለቤቴ ሐሊማ፣ “ባሌ አይጀምር፣ ተከራዩ አያቆም፤ አላህ አመጣጥኖ ሰጠኝ” ትላለች።

ይሄ ልጅ የሐጂን ልጅ ፎዚያን ወዷል። እሷም ወዳዋለች። ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ነርስ ናት። ሁለቱ ተስማምተው ጨርሰዋል፤ የቀረው ሐጂ ብቻ ነው። ሐጂ ማለት ደግሞ ትንሽ የሚቀር ነገር አይደለም። ከደጋው ከመሰላ ጫት እየሰበሰበ ወደ ቆላው የሚያወርድ ትልቅ ነጋዴ ነው። እና ሰዒድ፣ “አባባ፣ ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ያስተዋውቁኝ” አለኝ። እሺ አልኩ። ሐጂን በርጫ ጠራሁት። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ላይ እኮ ጥሩ ሄደ። ሐጂ፣ “ምንድነው የምታስተምረው?” አለው። ልጁ፣ “ሀብት ከየት እንደሚመጣ” አለ። ሐጂ ደስ አለው። ትራሱን አስተካክሎ፣ “ታዲያ ንገረና! እኔም ዕድሜዬን የምፈልገው እሱን ነው” አለ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሰዒድ ያለውን እንደሰማሁት ልንገራችሁ። ድሮ በፈረንጅ አገር ሀብት ማለት ወርቅ ነው ይባል ነበር። ሣጥኑ የሞላ ንጉሥ ሀብታም፣ ሣጥኑ የጎደለ ድኻ። ከዚያ አንድ ሐኪም መጣ። የንጉሡ ሐኪም ነው፤ ቤተ መንግሥት ነው የሚኖረው። ስሙን ሰዒድ ብዙ ጊዜ ነግሮኛል፤ ምላሴ አልቀበለውም አለ። ይሄ ሰው በእርጅናው ሕክምናውን ተወት አደረገና ስለ ገበሬ ማሰብ ጀመረ። ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዞር ያውቃል። አገርም እንደዚሁ አይደለችም ወይ? ብሎ ጠየቀ። እህሉ ከገበሬው ወደ ባለ መሬቱ ይሄዳል። ከባለ መሬቱ ወደ ሸማኔውና ወደ አንጥረኛው። ከዚያ ደግሞ ወደ ገበሬው ይመለሳል። ይሄንን ዙረት ወረቀት ላይ ሣለው። ሥዕሉ ከሚኤሶ ወደ ጭሮ እንደሚወጣው መንገድ ነው፤ አንዴ ወዲህ ይታጠፋል፣ አንዴ ወዲያ። ሰዒድ ምንጣፌ ላይ የሚያሠምረው እሱን ነበር።

“ደግሞም” አለ ሰዒድ፣ “ንጉሡን፣ እህሉን ተወው፣ በየመንገዱ አታስቁመው፣ ገበያው ራሱ መንገዱን ያውቃል የሚል ሰው ነው።”

ሐጂ ከተደገፈበት ቀና አለ። “ኬላ ይነሣ ነው የሚለው?”

“አዎ፣ እንደዚያ ማለት ነው።”

“ማሻአላህ! ይሄ አዋቂ ሰው ነው። አላህ ይማረው። ሞቷል አይደል?”

“ቆየ ሐጂ።”

“ሁሌ ደጉ ነው የሚሞተው” አለና ለሰዒድ ከራሱ ጫት ቀንጥቦ ዘረጋለት። አይቅምም ብዬ ልነግረው ነበር፤ ተውኩት። በልቤ ሠርጉን ደግሼ ጨርሻለሁ። እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ዝም አይነቅዝም ይባላል። ግን ሐጂ ጠየቀ። “ታዲያ ሐኪሙ ሀብት ከየት ይመጣል አለ?”

“ከመሬት። አንድ ዘርተው ብዙ የሚያፍሱት ከመሬት ብቻ ነው። ሌላው መልክ ይቀይራል እንጂ አይጨምርም። ልብስ ሰፊው ጨርቁን ሱሪ ያደርገዋል እንጂ ጨርቅ አይወልድም።”

“እውነት ነው። ነጋዴውስ?”

እኔ አሳለኝ። ውሃ ቀዳሁ። ሰዒድን በዓይኔ ጠቀስኩት። ተጠይቋል፤ ይመልሳል።

“ነጋዴውም አይወልድም ሐጂ። ዕቃውን ከቦታ ቦታ ያዛውራል እንጂ ምንም አይጨምርም። ገበሬው በወለደው ነው የሚኖረው።”

ቀሪውን ታውቁታላችሁ። አላህ ይስጥልኝ፣ ጫማ፣ በር።

“ምን አጠፋሁ?” አለኝ ሰዒድ። “ከሱ በኋላ የመጣ አንድ የስኮትላንድ ሰው አለ። ሐኪሙን ያለበት ድረስ ሄዶ አግኝቶታል። ‘መልካም ብለሃል፣ ግን አንጥረኛውም ነጋዴውም ይወልዳሉ’ ብሎ አስተካክሎታል። ትንሽ ቢቆዩ እሱ ጋ ልደርስ ነበር።”

“ከሱ ለምን አልጀመርክም?” አልኩት።

“በተራ ነው እንጂ አባባ። ሐኪሙ ይቀድማል።”

ምን ትሉታላችሁ?

በማግስቱ ጠዋት ፎዚያ ወደ ሥራ ስታልፍ ገባች። “አባባ፣ አባቴን ምን አላቸው? ከትናንት ጀምሮ ሰውን ሁሉ እያመሰገኑ ነው” አለችኝ። ነጋዴ አይወልድም አለ፣ አልኳት። በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀሰች ብዬ ሐሊማን ልጠራ ስነሣ፣ ለካ እየሳቀች ነው።

“ለኔም ነግሮኛል እኮ። ‘ነርስስ?’ አልኩት። ትንሽ አሰበና ‘በሐኪሙ ሒሳብ ነርስም የለችበትም’ አለኝ። እጮኛውን እንዲህ የሚል ሰው አይተው ያውቃሉ?”

ከዚያ ሳቋን ዋጠች። “አባባ፣ ነገሩ ግን ጨዋታ አይደለም። የመሰላው ገበሬ አብዱሬ ለልጁ ጠይቆኛል። አባቴ እስካሁን ዝም ብለውት ነበር። አሁን ተናደዋል፤ ሲናደዱ ደግሞ ቶሎ ነው የሚወስኑት። እኔ ያለ አባቴ ዱዓ ከቤት አልወጣም። ሰዒድን ትቼም ሌላ አላገባም። ታዲያ እዚያው ላረጅ ነው? ይድረሱልኝ።”

ሰው ለሽማግሌነት የሚፈልገኝ ስለማልናገር ነው። ያልተናገረ ሰው ብልህ ይመስላል። ይሄን ምስጢር ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄ ኖሬአለሁ። ብቻውን ሽማግሌ አይኬድም፤ ጎረቤቴን ሸኽ አደምን ይዤ ሄድኩ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እከብዳለሁ።

እኛ አገር ልጅ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ጫት ይዞ ይሄዳል። የልጅቱ አባት እስሩን ከፈታው፣ ሰጥቻለሁ ማለት ነው። ካልፈታው፣ ጫቱም ሽማግሌውም እዚያው ይጠወልጋሉ። ጫቱ ደግሞ ጥሩ መሆን አለበት። ጭሮ ላይ ጥሩ ጫት ያለው የት ነው? ሐጂ ሱቅ። ምን እናድርግ? ከዚያው ገዛን።

ሐጂ እስሩን አገላብጦ አየው። “ይሄ የኔ ጫት ነው” አለ።

“ከምርጡ ነው” አለ ሸኽ አደም።

“ከሱቄ አንሥታችሁ ቤቴ አስቀመጣችሁት። በእናንተ ሐኪም ሒሳብ፣ ከቦታ ቦታ አዛወራችሁት እንጂ ምን አመጣችሁ?”

ሸኽ አደም እስሩን ወደ ሐጂ ገፋ አደረገው።

“እኔን ስሙኝ” አለ ሐጂ። “ጠዋት መሰላ ላይ የተቆረጠ ጫት፣ ከሰዓት ሚኤሶ ካልደረሰ ምን ይባላል? ቅጠል ይባላል። ቅጠል ደግሞ የፍየል ነው። ሾፌሩን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ማነው? ቦርደዴ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጫቱን በእርጥብ ጆንያ የሚሸፍነው ማነው? የንጉሡ ሐኪም ነው?”

ሸኽ አደም በመንገድ የነገርኩትን አስታወሰ። ስለ ስኮትላንዱ ሰው አወራ። ኋላ መጥቶ ነጋዴም ይወልዳል ብሏል፣ አስተካክሎታል አለ። ሐጂ አዳመጠና ወደኔ ዞረ። “ሁለት ሊቅ አለው ማለት ነው። ልጁ የቱን ነው የሚያምነው?”

አልጠየቅሁትም አልኩ።

“ጠይቀህ ና።”

ቅርብ ነው፤ ሄድኩ። ሰዒድ ደብተር እያረመ ነው። ‘ሁለተኛውን አምናለሁ በል፣ ይለቅልሃል’ አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠና አሰበ። ከልቡ አሰበ። “አባባ፣ በሁለተኛው በብዙ ነገር እስማማለሁ። ግን ሐኪሙ ስለ መሬት ያለውን እንዲሁ ጥዬ ልሄድ አልችልም” አለኝ። ተመለስኩ። ሐጂ፣ “እህ?” አለኝ።

“እያሰበ ነው” አልኩ።

ሐጂ እስሩን አልፈታም። አልመለሰውም ግን። “ያስብ። እሑድ አብዱሬ መሰላ ላይ ጉዛ ጠርቷል። ማሽላውን የሚኮተኩት ሰው ይሰበሰባል፤ አብዱሬ ያበላል፣ ያስቅማል። እኔም እሄዳለሁ። እናንተም አስተማሪያችሁን ይዛችሁ ኑ። መሬት ብቻ ናት የምትወልደው ካለ፣ መጥቶ ያዋልዳት። ከአብዱሬ ልጅ ጎን ይቁም። በራሱ ሐኪም ሚዛን እመዝነዋለሁ፤ ልጄን ለበለጠው አዋላጅ እሰጣለሁ።”

ቤቴ መጥቼ ስነግረው ሰዒድ ደስ አለው። እስቲ አስቡት! እኔን እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ እሱ፣ “ሐጂ ልክ ናቸው፣ ሐሳብ መፈተን አለበት” ይላል። ከጥቁር ላስቲክ የተሠራ ቦቲ ጫማ ገዝቶ መጣ። ሐሊማ ጫማውን አየችና፣ “ድልድይ ሊሠራ ነው?” አለች።

ስለ ጉዛ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባም። ለጉዛ የመጣ ሰው እንግዳ ነው። ደሞዝ የለውም፣ አለቃም የለውም። ተሳሳትክ አይባልም። ዶማህን አስቀምጥ አይባልም፤ ነውር ነው፣ እርሻውም ይከፋዋል ይባላል። ባለቤቱ የሚችለው ማመስገን ብቻ ነው።

እሑድ ከሸኽ አደም ጋር በሐጂ ፒክአፕ ወጣን። የአብዱሬ እርሻ ዳገት ላይ ነው። ማሽላው ጉልበት ደርሷል፤ በየመሐሉ የጫት መስመር አለ። አብዱሬ ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ነው። የጠየቀለት ልጁ ጀማል ወፍራም፣ ሣቂታ ወጣት ነው። ሁለቱም ሰዒድን አቅፈው ሳሙት። ዶማ ሰጡት። ሐጂ፣ ሸኽ አደምና እኔ ዛፍ ሥር ተቀመጥን።

ወንዶቹ በአንድ መስመር ቆመው እየዘፈኑ ጀመሩ። አስተማሪን በኦሮምኛ ባርሲሳ ይሉታል። “ባርሲሳ፣ ዶማው በወዲያኛው በኩል ነው!” ይለዋል አንዱ። “ባርሲሳ፣ ጠመኔ አይደለም፣ ጨብጠው!” ይላል ሌላው። ሰዒድ አብሮ ይስቃል። እየሳቀም ይቆፍራል። እውነቱን ልናገር፣ ልጁ ሰነፍ አይደለም። ሰነፍ በሆነ!

መስመሩን ጥሎ ቀደመ። ላቡ ጀርባው ላይ ካርታ ሠርቷል። ሐጂ፣ “ጉልበትስ አለው” አለ፤ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ቅሬታ ነበረ። እኔ ልቤ ሞቀ። ከዚያ አብዱሬን አየሁት። እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆሟል።

ጫት ከግንዱ ሥር ለጋ ቅርንጫፍ ያወጣል። የሚቀጥለው ገበያ እሱ ነው፤ ገበሬው እንደ ዓይኑ ነው የሚያየው። ሰዒድ አይቅምም ብያችኋለሁ። ለጋው ግንዱን የሚጎዳ አረም መስሎታል። አንዱን መስመር ከጥግ እስከ ጥግ ሙልጭ አድርጎ አጽድቶ፣ ወደ ሁለተኛው ተሻግሯል።

አብዱሬ ምን ይበል? ወደሱ ሄደ። “ባርሲሳ፣ አላህ ጉልበትህን ይባርከው። ና ውሃ ጠጣ።”

“አልጠማኝም፣ አባቴ።”

“ና ጫት ቅመስ።”

“አልቅምም።”

“ምሳ ደርሷል!”

“ይቺን መስመር ልጨርስ።” ጨረሳት።

ጀማል ዶማውን ተደግፎ በሳቅ ይንፈራፈራል። አባቱ ዞሮ በዓይኑ ገደለው።

ምሳ ቀረበ። ሰዒድ መዳፉ ውሃ ቋጥሯል፤ እንጀራውን በጣቱ ጫፍ ነው የሚይዘው። ሐጂ አየው አየውና፣ “የአባትህ እርሻ የት ነው?” አለው።

“አባቴ አያርሱም ሐጂ። ደሴ ላይ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው።”

ሐጂ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። “ነጋዴ?”

“አዎ።”

“ስለ ሐኪሙ ነግረሃቸዋል?”

“ነግሬአቸዋለሁ። ከአረፋ እስከ መውሊድ አላናገሩኝም። ከዚያ፣ ‘ያስተማርኩህ በማይወልደው ሱቄ ነው’ አሉኝ።”

“አንተስ ምን አልክ?”

“‘እሱን ሐኪሙ አላሰበበትም’ አልኳቸው።”

ሐጂ ጉርሻውን መሶቡ ላይ መልሶ ሳቀ። ለካ ልጁ እሱን ብቻ መርጦ አልተናገረም! የወለደውን አባቱንም ያው ብሏል። ሰው ሲሰደብ የሚያመው እኮ ብቻውን መሰደቡ ነው።

“እሺ፣ ዛሬስ?” አለው። “አሁንም ነጋዴ አይወልድም ትላለህ?”

ሰዒድ መዳፉን አየ። እኔ በሆዴ፣ በላ ልጄ፣ ይወልዳል በል፣ እልፍ አእላፍ ይወልዳል በል እላለሁ።

“ሐጂ፣ ሐኪሙን ዛሬ ጠርጥሬዋለሁ። ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ነው የጻፈው። ዶማ የያዘ አይመስለኝም። መሬት ዝም ብላ አትወልድም። ስለ ነጋዴው ግን ገና እያሰብኩ ነው።” ከዚያ ወደ አብዱሬ ዞሮ፣ “አባቴ፣ ደስ ብሎኛል። ሐጂ ፈቅደውልኝ እስካገባ ድረስ ጉዛ በጠሩ ቁጥር እመጣለሁ” አለ። ከልቡ ነው።

አብዱሬ ከተቀመጠበት እንደ ወጣት ተነሣ። ወደ እርሻው ወረደ። ከተረፉት ግንዶች ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ አስሮ፣ እያለከለከ መጥቶ ሐጂ እግር ሥር አስቀመጠው።

“ይሄ ምንድነው?” አለ ሐጂ።

“ሽማግሌ ሆኜ ነው። ለባርሲሳ ልጅህን ስጥልኝ።”

“ያንተስ ልጅ? ለሱ ጠይቀህ አልነበረም?”

“ጀማል ይቆያል፣ ገና ልጅ ነው። እርሻው ግን አይቆይም። በአላህ ይሁንብህ ሐጂ!”

ጀማል አልተከፋም፤ ሁለተኛ ጉርሻውን ጎረሰ። ሐጂ እስሩን በሁለት እጁ ያዘው። አሸተተው። ነጋዴ ነው፣ ሳያሸት አይወስንም። ወደ ሰዒድ አየ፣ ወደኔ አየ። “አሰበ፣ አሰበ፣ አላቆመም። ፎዚያ ታስቆመዋለች” አለና እስሩን ፈታው። ሸኽ አደም ዱዓ አደረገ። ሁላችንም አሚን አልን። ሰዒድ ለፎዚያ ሊደውል ስልኩን አወጣ፤ መዳፉ ቆስሎ ቁጥሩን የነካለት ጀማል ነው።

ልንሄድ ስንል፣ ሐጂ መኪናውን ሲያስነሣ፣ አብዱሬ እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ሰዒድ እንዳይሰማ ግራ ቀኙን አየ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

“አባ ሙሜ፣ ሠርጉን አፍጥኑት። ሁለተኛው ኩትኳቶ ደርሷል።”